አሥራ ሦስት ቁጥር ማሊያ

እኛ ፊሊፒኖዎች የቤታችንን ጣሪያ ሳንጨርስ ለሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ቀለበት የምንሰቅል ሰዎች ነን። ፑንታ ዳማይ የምትባለው የኛ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ሐኪም የላትም፣ መድኃኒት ቤትም የላትም፤ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን አላት። እዚያ ሜዳ ላይ ሩዝ እናሰጣለን፣ ለቅሶ እንቀመጣለን፣ ማዕበል ሲመጣ እንጠለላለን። ከሁሉ በላይ ግን እንጫወታለን። እኔ በዚያ ሜዳ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ነጥብና ጥፋት ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ስሜ ሉሚንግ ይባላል። የምነግራችሁ ግን ስለኔ ሳይሆን ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ክሪሳንቶ ነው። እኔ ኩያ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው፣ እለዋለሁ፤ ልጆቹ ኮች ይሉታል፣ ሚስቱ ደግሞ ስትናደድ የቅርጫቱ ባል ትለዋለች።

ኩያ የሚሠራው በረዶ ቤት ነው። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ በረዶ በመጋዝ እየቆረጠ ለዓሣ ጀልባዎች ያስጭናል። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ የግራ ጉልበቱ ዝናብ መምጣቱን ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል። ኳስ ከሩቅ ተወርውሮ ሲገባ ሕዝቡ ሲጮህ እሱ አይጮህም፤ እሱ የሚያየው ማን ዘግይቶ እንደደረሰ ነው። ልጆቹን መከላከል ሲያስተምር ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንዲይዙ ያደርጋል። ነጠላ ጫማ የጨበጠ እጅ ማሊያ መጎተት አይችልም፣ ኳስም መንጠቅ አይችልም፤ እግር ብቻ ይቀራል። "ኳሱን አትየው፣ እምብርቱን እየው። እምብርቱን ቤት ትቶ የሚሄድ ሰው የለም" ይላቸዋል። ይህን ንግግር በሰማሁ ቁጥር አንድ ሙዝ ቢሰጡኝ ዛሬ የሙዝ እርሻ ነበረኝ።

ዱሮ ሰው ለሰው ነበር የሚያስይዘው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ሰው አለው፤ ሰውየው ውኃ ሊጠጣ ቢሄድ ተከትሎት ይሄዳል። በዚህ አያያዙ ስሙ እስከ ትልቁ ከተማ ተሰምቶ ነበር። ካለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ወዲህ ግን ዞን ብቻ ሆኗል። ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ይቆማሉ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ቦታ ነው፤ ኳሱ ወደ ቦታው ሲመጣ ይወጣል፣ ሲርቅ ይመለሳል። ወሬኞች ኮች አርጅቷል አሉ። አላረጀም፤ ፈርቶ ነው። ዞን ውስጥ ማንም ማንንም አልያዘም። ከጨዋታ በኋላ ያዋረደኝ እሱ ነው ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው የለም። ይህን የምናውቀው እኔና ሞንሲ ብቻ ነን።

ሞንሲ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እንደሱ ያለ ፈጣን እግር በዚህ ዳርቻ አልታየም። በዚያ ዓመት የቅዱስ ሮቄ ንግሥ ዋንጫ ለፍጻሜ የደረስነው ከጎረቤታችን ሰፈር ከቡንቶግ ጋር ነበር። ቡንቶግ ማለት ማንግ ቶርኳቶ ማለት ነው። የጭነት መኪናዎቹ የሱ ናቸው፣ የአውራ ዶሮ ማዋጊያው የሱ ነው፣ የወንዙ አሸዋ እንኳ የሱ ነው፤ ሽጉጣቸውን እንዲሸፍን ሸሚዛቸውን ወገባቸው ላይ ለቀቅ አድርገው ከኋላው የሚቆሙት ሰዎችም የሱ ናቸው። ፊት ለፊት ማንግ፣ ማለትም ጋሼ፣ ብዬ እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ በሌለበት ላከብረው አልገደድም። ኮከባቸው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ኩያ ማን ይይዘዋል ብሎ ጠየቀ፣ ሞንሲ እጁን አወጣ፣ ያዘው። ሰውየው በጨዋታው ሙሉ አራት ነጥብ ብቻ አገባ። ሕዝቡ አራት ጣቱን እያወዛወዘ እስከ መንገዱ ድረስ እየሳቀ ሸኘው። በሦስተኛው ቀን ሞንሲን ኮኮናት ተክል ውስጥ ጉልበቱ በብረት ተሰብሮ አገኙት። ፊታቸውን ሸፍነው ስለነበር ማንንም አላየም። ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም አልተከሰሰም።

ዛሬ ሞንሲ በክራንች እየሄደ የባለ ሦስት እግር ታክሲዎችን ጎማ ይጠግናል። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከኛ ተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ይቀመጣል። ኩያ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቶርኳቶ በር አልፎ አያውቅም። ወደ በረዶ ቤት በዋናው መንገድ አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ በባሕሩ ዳርቻ ዞሮ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እኔም ብሆን በዋናው መንገድ ሳልፍ ዓይኔን ከመሬት አላነሳም።

ዘንድሮም ፍጻሜው ከቡንቶግ ጋር ሆነ። በውድድሩ ደንብ አንድ ቡድን አሥር ስም ማስመዝገብ አለበት፤ እኛ ዘጠኝ ብቻ ነበርን፣ አንዱ ልጅ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄዷልና። ኩያ በአሥረኛው ቦታ የራሱን ስም ጻፈ። ማንም ያልፈለገው አሥራ ሦስት ቁጥር ማሊያ ደረሰው። ማሊያውን የሰጡን የምክር ቤት አባል ፊታቸውን ደረቱ ላይ ከቁጥሩ አስበልጠው አሳትመውታል፤ ኩያ ሲለብሰው ሆዱ የሰውየውን ጉንጭ ይነፋዋል። ልጆቹ አይተው በሳቅ ሞቱ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ፍጻሜው የተጀመረው ከቀትር በኋላ አስር ሰዓት ላይ ነበር። ቶርኳቶ የፕላስቲክ ወንበሩን ከመስመሩ አጠገብ አስደርጎ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ አንገቱን ይዳብሳል። ሰዎቹ በኛ ቀለበት ሥር ቆመዋል። ኮከባቸው አሁን የገዛ ልጁ ጄሪክ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሲወረውር ክንዱ የሚያምር ልጅ። እንደሱ ላለ ወርዋሪ ዞን ወንፊት ነው። በሁለት ተከላካዮች መካከል ባለችው ክፍተት ይቆማል፤ አንተ ነህ እኔ ነኝ ሲባባሉ ኳሱ ገብቷል። እስከ ዕረፍት ድረስ ሃያ ሦስት ነጥብ ብቻውን አገባ። አርባ አንድ ለሃያ ዘጠኝ ይመሩን ነበር።

በዕረፍቱ ከቶርኳቶ ሰዎች አንዱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ጄሪክን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንግ ቶርኳቶ ስሙን ማወቅ ፈልጎ ነው አለኝ። ማንም አይይዘውም፣ የምንጫወተው ዞን ነው አልኩት። ፈገግ ብሎ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ፤ አልሄደም።

የተቀያሪዎቻችን ወንበር ከኔ ሁለት ክንድ አይርቅም፤ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ኩያ ነጠላ ጫማዎቹን መሬት ላይ ደርድሮ ያሳያቸው ነበር። አራት ሰው እንደ ሳጥን ማዕዘን ይቆማል፣ አምስተኛው ጄሪክን ብቻ ይከተላል፤ ሌላ መፍትሔ የለም። አምስተኛው ማን እንደሚሆን ሁሉም ያውቁታል። ኤልመር ነው፤ ዓሣ በገንዳ ተሸክሞ ከጀልባ ወደ ገበያ የሚሮጥ፣ እግሩ ከሞንሲ ወዲህ የመጀመሪያው የሆነ ልጅ። ኤልመር እጁን አወጣ።

"ኮች፣ ልጁን ለኔ ይስጡኝ።"

ኩያ ቀና ብሎ አየው። "ሚስትህ መቼ ነው የምትወልደው?" አለው።

"በሚመጣው ወር። ምን አገናኘው?"

ከወንበሩ ጀርባ ሞንሲ ክራንቹን ተደግፎ ተነሳ። "ኮች፣ ያኔም እኮ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። እርስዎ አላስገደዱኝም።"

"አውቃለሁ" አለ ኩያ። "አንተ እጅህን አወጣህ። እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አምስተኛውን ነጠላ ጫማ ከመሬት አነሳ። ኤልመርን ከአራቱ ማዕዘን አንዱን እንዲጠብቅ አዘዘው። ጄሪክን የሚይዘው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገራቸው። እንደ ቀልድ ቆጥረው ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት።

ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

"ሉሚንግ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ይገባል።"

"ኩያ፣ ልብህ ቀጥ ትላለች።"

"ጻፊ።"

ጻፍኩ። አጠገቤ የቆመው ሰው በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አነበበ። አሥራ ሦስት ማነው አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ሄዶ ለቶርኳቶ በጆሮው ነገረው። ቶርኳቶ ዶሮውን መዳበሱን አላቆመም፤ ዓይኑ ግን ወንድሜ ላይ ተተከለ።

ኩያ ሜዳ ሲገባ የቡንቶግ ደጋፊ ቤቱን በሳቅ አናጋው። አንዱ ዱላህን ረስተሃል አያቴ አለው፣ ሌላው ቄስ ይጠራ እያለ ጮኸ። ጄሪክ ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ "አባባ ቀስ ይበሉ፣ ወለሉ ላይ የሩዝ ፍሬ አለ" አለው። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ከልቡ ነው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ወንድሜ መሮጥ አይችልም፤ ግን መሮጥ አላስፈለገውም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ያን ልጅ ሁለት ዓመት ሲያጠናው ኖሯል። ጄሪክ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ነው የሚሄደው፤ ኳሱን ሁለት ጊዜ ያነጥርና ይዘላል። ወደ ግራ ከሄደ ግን እጁ የሱ አይደለም፤ ኳሱን አንስቶ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ኩያ የግራ እግሩን ከልጁ ቀኝ እግር ውጭ ተከለ፤ የቀኙን መንገድ ዘጋበት፣ የግራውን ክፍት ተወለት። ጄሪክ በተከፈተለት ይሄዳል፤ እዚያ ከሳጥኑ ማዕዘን አንዱ ይጠብቀዋል፤ ከሱ ቢያመልጥ የሜዳው መጨረሻ መስመር አለ። ኩያ ስለዚያ መስመር ሲያወራ እንደ ስድስተኛ ተጫዋች ነው፤ አይደክምም፣ አይቀየርም ይላል። ጄሪክ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሦስት ነጥብ ብቻ አገባ።

ልዩነቱ ሲጠብ የኔ ፍርሃት ሰፋ። ሌላ ጊዜ ቡድናችን ሲያገባ ጠረጴዛው ሥር እግሬን አወዛውዛለሁ፤ ያን ቀን በያንዳንዱ ነጥብ እመቤቴ ሆይ አሁንስ ይበቃል እያልኩ ነበር የምጽፈው። መሸነፋችንን ፈለግሁት። አሳፋሪ ነው፤ ግን ፈለግሁት። የጥፋት መቁጠሪያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ያረጀ እግር ሲዘገይ ደረት ይነካል፤ ኩያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አራተኛ ጥፋቱ ላይ ደረሰ። አምስተኛው ከሜዳ ያስወጣዋል። እሱ ከወጣ ጄሪክን የሚይዝ ከኤልመር ሌላ የለም፤ ኤልመርም ማዕዘኑን እየጠበቀ ወደ ኩያ ያያል፣ ያ ሞኝ፣ ተራዬ መቼ ነው በሚል ዓይን።

ሊጠናቀቅ አሥራ ሁለት ሰኮንድ ሲቀር ሰባ አንድ ለሰባ እንመራ ነበር፤ ኳሱ የነሱ ነው። ኳሱ ጄሪክ እጅ እንደሚገባ ውሻ እንኳ ያውቃል። ገባ። ኩያ የግራ እግሩን ተከለ። ማሊያው በላብ ከሰውነቱ ተጣብቆ ነበር፤ ሲተነፍስ እኔ ድረስ ይሰማል። ጄሪክ ወደ ግራ ሄደ፣ አንዴ አነጠረ፣ ሁለቴ አነጠረ፤ ማዕዘኑ ላይ ኤልመር ተዘረጋበት፤ መስመሩ መጣበት። የቀረው በወንድሜ ውስጥ ማለፍ ብቻ ነበር። ኩያ ሁለቱን እግሮቹን መሬት ላይ ሰክቶ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። ልጁ በሙሉ ክብደቱ መታው። ወንድሜ በጀርባው ወደቀ፤ የእጁ አንጓ ሲቀጭ የተሰማኝ መሰለኝ።

ፊሽካው ተነፋ።

ደንቡን ለማያውቅ ልንገር። ተከላካዩ አስቀድሞ ቆሞ ከነበረ ጥፋቱ የገጨው ነው፤ ኳሱ ለኛ ይሆናል፣ ጨዋታውም አለቀ። ተከላካዩ ሲንቀሳቀስ ከነበረ ግን ጥፋቱ የሱ ነው፤ ለኩያ አምስተኛው ነው፣ ይወጣል፤ ጄሪክ ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ በኤልመር ላይ ይወድቃል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ እንጂ እጁን አላነሳም። ዓይኑ ወደ ቶርኳቶ ሄዶ እዚያ ቀረ። እኔ ብዕሬን በሁለት ስሞች መካከል ይዤ ጠበቅሁ።

ያኔ ጄሪክ እጁን አወጣ።

"የኔ ነው" አለ። "እሳቸው ቆመው ነበር።"

ዳኛው ነፍሱ ተመለሰችለት። እኔም ጻፍኩ፤ ፊደሉ እስካሁን ሲነበብ እንደ ትል ነው። ልጁ ግን በዚያ አላበቃም። ተንበርክኮ የኩያን ደህና እጅ ያዘና የገዛ ግንባሩ ላይ አደረገው፤ ልጅ የአባቱን ወይም የአያቱን ምርቃት እንደሚቀበል። ይህን ያደረገው አባቱ እያየ ነው። ከዚያ ጎትቶ አስነሳው።

ቶርኳቶ ከወንበሩ ተነሳ። ዶሮውን ለአንዱ ሰው ሰጠና ሳይናገር ወጣ። ጨዋታው ሲያልቅ ጄሪክ ማሊያውን ሳያወልቅ ወደ መኪናው ሄደ፤ በሩን ከፍተው ይጠብቁት ነበር።

ዋንጫውን ስንቀበል ያጨበጨበ ጥቂት ነው። ኤልመር ብቻ ጥርሱ አልተከደነም። እኔ የኩያን አንጓ በፎጣ እያሰርኩ እፎይ፣ ተረፍን እያልኩት ነበር። ባንተ ዕድሜ ምን የሚሰበር ነገር አለህና ይነኩሃል አልኩት። እሱ አይሰማኝም፤ መንገዱን ያያል። መኪናው ከሄደ ቆይቷል።

"ሉሚንግ" አለኝ፣ "ያ ልጅ ዛሬ ቤቱ ሲገባ ማን አለው?"

ስለኛ ብቻ ስፈራ ውዬ ልጁን አላሰብኩትም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ኩያ ክንዱን በፎጣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከቤት ወጣ። በባሕሩ ዳርቻ አልዞረም፤ በዋናው መንገድ ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ የጸሎት መቁጠሪያዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ተመለስ ብዬ ለመንኩት፣ ተሳደብኩ፣ እጁን ጎተትኩ። አልመለስ አለ። የቶርኳቶ በር ላይ ደርሶ በደህና እጁ አንኳኳ።

የከፈተው ጄሪክ ነው። የግራ ዓይኑ ሥር አብጦ ጠቁሯል። ምን ሆንክ ያለው የለም። ከበስተጀርባው ቶርኳቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለዶሮው በቆሎ ይቆነጥራል።

"ግራ እጅህ አይረባም" አለው ኩያ፤ በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ልምምድ አለን። ና፣ እናስተካክለዋለን።"

ልጁ ወደ ኋላው ዞሮ አባቱን አየ። ቶርኳቶ ቀና አላለም።

"ጉልበትህ እንዴት ነው ክሪሳንቶ?" አለ።

"ያመኛል።"

"የዚያ ጎማ ጠጋኝስ?"

አሥራ አንድ ዓመት ማንም በዚያ ቤት ያላነሳው ነገር ነው።

"እሱንም ያመዋል" አለ ኩያ።

ቶርኳቶ በቆሎውን እየቆነጠረ ቆየ። እኛም ተመለስን፤ በዋናው መንገድ፣ ወደ ኋላ ሳናይ።

ቅዳሜ እስኪደርስ ድረስ እህል አልቀመስኩም። አስር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ጄሪክ ብቻውን ወረደ። መኪናው ግን አልሄደም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ከሜዳው ፊት ለፊት ቆመ፣ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ውስጡ ማን እንዳለ አይታይም። ልጆቹ በመስመር ቆመው፣ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እርስ በርስ ይተያያሉ። ኤልመር እንኳ ያን ቀን አልሳቀም። ኩያ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና እምቢ አለው። ደገመ፣ አሁንም እምቢ አለው።

ሞንሲ ከወንበሩ ተነሳ። በክራንቹ ቀስ እያለ ሜዳውን አቋርጦ መጣና ፊሽካውን ከኩያ አንገት አወለቀ። ነፋው። ከዚያ ጄሪክን ከራስ እስከ እግሩ አየው፤ ልጁ ያደረገው ውድ የስፖርት ጫማ ነው፣ በእጁ የሚይዘው ነገር የለውም። ሞንሲ ክራንቹን ተደግፎ የራሱን ነጠላ ጫማ አንድ በአንድ አወለቀና ሰጠው።

"እንዳትጥላቸው" አለው።

ጄሪክ በሁለት እጁ ያዛቸው።